ከሕንፃው በፊት የሚታየው ምስል፦ የስሪዲ ባለሙያን ስለ መፈለግና ስለ መቅጠር

(ለሰበካ ጉባኤያትና ለሕንፃ አሠሪ ኮሚቴዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ በፕሮጀክት ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የዛሬው ርእሳችን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ገና ያልተሠራ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ እንዳለቀ ሆኖ የሚታይበትን፣ በተለምዶ «ስሪዲ» እያልን የምንጠራውን የኮምፒዩተር ምስል የሚያዘጋጅልን ሰው ከየት እናገኛለን? ስናገኘውስ እንዴት እንቅጠረው? «ሥዕል» ያላልነው ሆን ብለን ነው፤ ቅዱሳት ሥዕላትን ከሚሥለው ሠዓሊ ጋር እንዳይምታታብን «ምስል» እንበለው። ይህ ምስል ዛሬ በየአጥቢያው በር ላይ በባነር ተሰቅሏል፤ በደረሰኝ ጥራዝ ሽፋን፣ በጥሪ ወረቀት፣ በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ታትሟል። ምእመኑ ፕላን አንብቦ ገንዘብ አይሰጥም፤ ምስሉን አይቶ ይሰጣል። እንግዲህ ምስሉ በቤተ ክርስቲያን ስም ለምእመን የተሰጠ ቃል ነውና፣ ቃሉን የሚያዘጋጅልንን ሰው አመራረጣችንና አያያዛችን ሊያሳስበን ይገባል።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ከተማ የሚገኝ ደብር አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን በአዲስ ለመተካት ተነሣ። ከሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች መካከል የሥነ ሕንፃ ትምህርቱን በቅርቡ የጨረሰ አንድ ወጣት ነበርና ኮሚቴው ጠርቶ «ልጃችን፣ በረከት ታገኝበታለህ፤ አንድ የሚያምር ነገር ሥራልን» አለው። የአፈር ምርመራ ውጤት አልተሰጠውም። የታሰበው ገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ አልተነገረውም። የቦታው ልክ እንኳ በእርምጃ የተለካ ነበር። በሰፈሩ መብራት የማይቆራረጠው ሌሊት ስለሆነ ልጁ ሦስት ሳምንት ሌሊት ሌሊቱን ሠርቶ ትልቅ ጉልላት፣ ሁለት ደወል ቤትና ባለ ቀለም መስታወት መስኮቶች ያሉት ምስል ይዞ መጣ። ሁሉም ተደነቀ። እኛም ምስሉን በሪፖርታችን ሽፋን ላይ አወጣነው፤ «ይህ በስንት ብር ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም።

ገንዘብ ተሰበሰበ። መሐንዲሱ ሒሳቡን ሲያወጣ ግን ጉልላቱ ብቻውን ከኮሚቴው አቅም በላይ ሆኖ ተገኘ። ጉልላቱ አነሰ፤ አንዱ ደወል ቤት ቀረ፤ መስኮቱም ተራ መስታወት ሆነ። እንደ አቅም መሥራት የሚያስወቅስ አይደለም። የሚያስወቅሰው ባነሩ እስከ መጨረሻው ቀን ከበሩ ላይ አለመውረዱ ነው። በቅዳሴ ቤቱ ዋዜማ፣ የጆሮ ወርቃቸውን ለሕንፃው የሰጡ አንዲት እናት ባነሩንና ሕንፃውን እያፈራረቁ ተመልክተው «ልጆቼ፣ ያኛውን የምትሠሩት መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው አልነበረንም።

ከዚያ የከፋው ደግሞ ወቀሳው ሁሉ ወደ ልጁ መዞሩ ነው። «የማይሆን ነገር አሳይቶ አሳሳተን» ተባለ። አንድ ብር ያልተከፈለው፣ አንድ ጥያቄ ያልተመለሰለት ወጣት የኮሚቴውንም የእኛንም ጥፋት ተሸከመ። ዛሬ በኢንተርኔት ከውጭ አገር ቢሮዎች ሥራ እየተቀበለ ቤተሰቡን ያስተዳድራል። ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ቡና አስፈልቶ በትሕትና ተቀበለን። የሌላ ደብር ሥራ እንዲይዝልን ስንጠይቀው ግን ፈገግ ብሎ ዝም አለ። ዝምታውን እስከ ዛሬ አልረሳነውም።

ምስል ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስለን ደግሞ ሌላ ደብር ያየነውን እንናገር። በዚያ ደብር ፕላኑ በኦቶካድ ተሠርቶ፣ በትልልቅ ወረቀት ታትሞ ለሽማግሌዎችና ለካህናት ቀረበ። አባቶች በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አስተያየት የሰጠ ግን አልነበረም። መስመርና ቁጥር ብቻ ያለበትን ወረቀት አይቶ ሕንፃውን በዓይነ ኅሊና ማቆም የተማሩት ባለሙያዎች እንጂ የሁላችንም ሙያ አይደለምና አይፈረድባቸውም። በሁለተኛው ስብሰባ ሥራውን የያዘችው ወጣት አርክቴክት ቀለምም ጌጥም የሌለበት፣ ሁሉ ነገሩ ግራጫ የሆነ ምስል አመጣች። ምስሉ የተወሰደው በቆመ ሰው ዓይን ልክ ነበር፤ አንዱ በምዕራብ በር ሲገባ የሚታየውን፣ ሌላው ከቅኔ ማኅሌቱ መካከል የሚታየውን ያሳያል።

አንድ አረጋዊ መሪጌታ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ታቦት ሲወጣ ድባቡ ሳይዘቀዘቅ በዚህ በር ያልፋል?» ብለው ጠየቁ። ተለካ፤ አያልፍም። ሌላው አባት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው መቋሚያ በሚዘረጉበት ስፍራ መካከል ዓምድ መቆሙን አሳዩ። ስለ ዑደቱ፣ ስለ ቤተ ልሔሙ መንገድ፣ ዝናብ ሲጥል ጫማ ስለሚወልቅበት ደረጃ ጥያቄ ተከተለ። በአንድ ከሰዓት የተነሣው ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፕላኑ ላይ ተስተካከለ። ብረቱ ታስሮ ኮንክሪቱ ከተሞላ በኋላ ቢሆን ኖሮ በሩን ከፍ ማድረግ ማለት ማፍረስ ማለት ነበር። ይህች እኅታችን ሥራውን ከመጀመርዋ በፊት ማኅሌት ቆማ አድራ እንደነበር በኋላ ሰማን። ማንም አላዘዛትም። ሆኖም ደብሩ ውል ፈርሞ፣ ቅድሚያ ክፍያ ሰጥቶ፣ ጥያቄዋን የሚመልስ አንድ ካህን ስለ መደበላት ለዚያ የሚሆን ጊዜ ነበራት።

አሁን ወደ ቅጥሩ እንምጣ። አስቀድመን ልንለየው የሚገባ ነገር አለ፤ የስሪዲ ባለሙያ ሁሉ አርክቴክት አይደለም፤ አርክቴክት ሁሉም ስሪዲ አይሠራም። የግንባታ ፈቃድ የሚጠየቀው ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች በፈረሙበት ፕላን እንጂ በምስል አይደለም። ምስሉ ከፕላኑ ይወለዳል፤ ፕላኑ ከምስሉ ሲወለድ ከላይ የተናገርነው ይደርሳል። በዚህ ዘመን ደግሞ ጥቂት ቃላት ጽፎ በሰው ሠራሽ አስተውሎት በደቂቃዎች ውስጥ የሚያምር ቤተ ክርስቲያን ማውጣት ተችሏል። እንዲህ ያለውን ምስል ለሐሳብ መነሻ እንጂ ለባነር አትጠቀሙበት። ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ደረጃው የትም አያደርስም፤ መስቀሉም የማንም መስቀል አይደለም።

ባለሙያው ከየት ይገኛል? ብዙ ጊዜ ከቅጥራችን ውስጥ። በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተብሎ የተጀመረው፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደታ የሚገኘው ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም የባሕር ዳር፣ የመቀሌና የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲዎች ሥነ ሕንፃ ያስተምራሉ። ከእነዚህ የወጡ፣ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ያሳደጋቸው ልጆች ሥራ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ሲዞሩ እኛ የማናውቀውን ሰው በዘመድ እንጠራለን። ማስታወቂያውን በአጥቢያው ሰሌዳና በሰንበት ትምህርት ቤቱ ቴሌግራም ላይ አውጡ፤ የሥራውን ዓይነት፣ የጊዜውን ገደብና ክፍያ መኖሩን ጻፉ። «ክፍያ አለው» የሚለው ቃል ሲጠፋ ጥሩ ሠራተኛ ማስታወቂያውን አንብቦ ያልፋል።

አመልካቹ የሥራ ማሳያውን ሲያቀርብ በውበቱ ብቻ አትወሰዱ። የአንዱን ምስል ፕላን አብሮ እንዲያመጣ ጠይቁትና ሁለቱን አስተያዩ፤ የመስኮቱ ቁጥር ይስማማል? በቡድን የተሠራ ከሆነ የእርሱ ድርሻ የትኛው ነው? ሕንፃው ተሠርቶ ከሆነ ፎቶግራፉ የት አለ? የሥራ ማሳያው በሌላ ሰው ምስል የተሞላ አመልካች አጋጥሞናል፤ ያወቅነውም ፕላኑን ስንጠይቀው ነው።

ዝርዝሩንም ተመልከቱ። በእነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ ተዘጋጅተው የሚገኙት ሰዎችና ዛፎች አብዛኞቹ ከሌላ አገር የተወሰዱ ናቸው፤ በዚህም ምክንያት በቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ቦርሳ አንጠልጥለው የሚራመዱ ባለ ሱፍ መንገደኞችና የማናውቃቸው ዛፎች እናያለን። ነጠላ የለበሰች እናት፣ ጽድና ወይራ ማስገባት የቻለ ሰው ለሥራው የተጨነቀ ሰው ነው። ፀሐይዋም እንዲሁ ናት። መቅደሳችን ወደ ምሥራቅ ነውና የምዕራቡ በር ጠዋት በጥላ ውስጥ ይሆናል፤ በብዙ ባነሮች ላይ ግን የማለዳ ብርሃን ፊት ለፊት ሲያበራበት ይታያል። ፕሮግራሞቹ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ቢሰጧቸው የፀሐይዋን አቅጣጫ ራሳቸው ያሰላሉ። አዲስ አበባ በ9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለምትገኝ በሰኔ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ በየትኛው ወር በየትኛው መስኮት ብርሃን እንደሚገባ ሊያሳያችሁ ይችላል።

ሁለት ወይም ሦስት አመልካቾች ከቀሩ አንድ ትንሽ የሙከራ ሥራ ስጧቸው፤ ለምሳሌ የደጀ ሰላሙን በር ብቻ። ለሙከራውም ለሁሉም ክፈሉ። ዐሥር ወጣቶችን «ተወዳደሩ» ብሎ ማሠራት፣ ለአንዱ ከፍሎ የዘጠኙን ድካም ሜዳ ላይ መጣል በአጥቢያዎቻችን ተለምዷል። ይህ ልማድ ሊቀር ይገባል። ወንጌል ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የሚናገረውን እናንተ አባቶቻችን ታስተምሩናላችሁ፤ በረከቱን የሚሰጠው እግዚአብሔር ነውና በረከትን በደመወዝ ፋንታ የመክፈል ሥልጣን ኮሚቴው የለውም። ልጁ በራሱ ፈቃድ «ዐሥራቴ ይሁንልኝ» ካለ ይህንኑ በጽሑፍ ያኑር፤ ግምቱም በመዝገብ ይያዝ።

በውሉ ላይ የምስሎቹ ቁጥር፣ ከየት አቅጣጫ እንደሚታዩ፣ የማስረከቢያው ቀንና ማረሚያው ስንት ጊዜ እንደሆነ ይጻፍ። እኛ ክፍያውን በሦስት መክፈሉን ለምደናል፤ ሲጀመር፣ ግራጫው ምስል ሲጸድቅ፣ በመጨረሻም ሲረከብ። ማረሚያው ገደብ ከሌለው እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል በየተራ ቀለም ሲያስለውጥ ባለሙያው ይንገላታል። ዋናው ፋይል ለማን እንደሚቀር፣ ባለሙያውም ምስሉን በሥራ ማሳያው ውስጥ ማስገባት ይችል እንደሆነ ይገለጽ፤ ይህ ፈቃድ ለጀማሪ ከገንዘብ የማይተናነስ ጥቅም አለው። ስለ መሣሪያውም አስቡ። አንድ ጥሩ ምስል ኮምፒዩተሩን ለሰዓታት ሊያሠራ ይችላል፤ መካከል ላይ መብራት ቢጠፋ ድካሙ ሊባክን ይችላልና አስተማማኝ ኃይል ያለው የደብሩ ቢሮ ካለ ለልጁ ክፈቱለት።

ይህን ለወጣቶቻችሁም አድርሱልን። ብሌንደር የሚባለው ፕሮግራም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ፈቃድ የሚሰጥ ስለሆነ ለመማር የሚያስፈልገው ኮምፒዩተርና ትዕግሥት ነው። ሌሎቹ ብዙዎቹ ፈቃድ ይገዛላቸዋል፤ ተሰብሮ የተቀዳ ፕሮግራም መጠቀም በአገራችን የተለመደ ቢሆንም (እኛም በቢሯችን ንጹሕ ነን አንልም) ውጭ አገር ካለ አሠሪ ጋር ሲዋዋሉ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ሥራ ለሚፈልግ ጀማሪ የምንመክረው በምናቡ የፈጠራቸውን ሃያ ሕንፃዎች ከሚያሳይ፣ የሚያውቀውን አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ለክቶ ከነሣር ክዳኑና ከነጉልላቱ በትክክል እንዲሠራ ነው። ቀጣሪው ሄዶ ሊያመሳክረው ይችላል፤ ሕንፃው ቢፈርስ እንኳ ለአጥቢያው ማስታወሻ ይቀራል።

ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ የፕሮጀክት ክፍላችን ፕላንና የወጪ ግምት ያልተያያዘበትን ምስል በሪፖርትም በጥያቄም አይቀበልም። ምስሉ የተዘጋጀበት ቀንና የባለሙያው ስም በግርጌው ይጻፍበታል፤ ዲዛይኑ ሲለወጥ ባነሩ በ15 ቀን ውስጥ ይወርዳል፤ የተለወጠው ነገርና ምክንያቱም ከቅዳሴ በኋላ ለምእመናን ይነገራል። የውል ናሙና አዘጋጅተናል፤ ስትወጡ በር ላይ ካሉት ወንድሞች ተቀበሉ። በሥራ ላይ ያላችሁ ኮሚቴዎች ደግሞ በነገው ቡድን ውይይት የምንጀምረው ከእናንተ ባነሮች ነውና ፎቶግራፋቸውንና ፕላናችሁን ይዛችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።