እናታችንን የት እናስጠጋ?

እሷ፦ ደጎሎ ከተማ ላይ አንዲት እናት ከገበያ ሲመለሱ የቤታቸው መንገድ ጠፋባቸው እንበል። ወንዶች ልጆቻቸው አዲስ አበባና ዓረብ አገር ናቸው። «መቄዶንያ እናስገባቸው» ቢሉስ?

እሱ፦ እዚህ ላይ ቆም እንበል፣ እህት ዓለም። ብንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የመሠረተው መቄዶንያ ጧሪ አጥተው ጎዳና የወደቁትን ነው የሚያነሳው። ባለ ልጅ እናት እዚያ ማስገባት የሌላውን አልጋ መሻማት ነው።

እሷ፦ ፈረድክ! ወንድሞች ብር ይልካሉ፤ ሌሊት ተነስታ በር የምትጠብቀው ግን አብራቸው ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። እሷንስ ማን ያሳርፋት?

እሱ፦ ተራ ይግቡላታ! ከሁሉ በፊት ግን ሐኪም ይያቸው። «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፈው የመርሳት ችግር መንስኤው አንዳንዴ የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ወይም ድብርት ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህ ይታከማሉ።

እሷ፦ ጸበሉስ?

እሱ፦ ይጠመቁ፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ።

እሷ፦ አዲስ አበባ ማምጣቱን እኔ አልወደውም። ከለመዱት ግቢ ወጥተው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሲነቁ ይብሱን ግራ ይጋባሉ።

እሱ፦ ደጎሎ ከቆዩ ጎረቤት ይነገረው። ያወቀ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው እጃቸውን ይዞ ይመልሳቸዋል፤ ሕመሙን መደበቅ ነው ጉዳቱ።

እሷ፦ ለአስታማሚዋም በየወሩ ደሞዝ ይቆረጥላት፤ ወንድሞች፣ እየሰማችሁ ነው?