ጨረቃን ከአንድ ቦታ ስለ መከታተል
(በመስጂዳችን ከዒሻ ሶላት በኋላ ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።



ኮሚቴው ስለ ጨረቃ እንድናገር ሲጠይቀኝ አንዳንዶቻችሁ «ዘንድሮም የረመዷንን ክርክር ሊያነሳብን ነው» ሳትሉ አትቀሩም። ክርክሩን አላነሳም። የማነሳው የራሴን ስሕተት ነው፤ ብዙዎቻችሁም ታስታውሱታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በረጀብ 29ኛው ቀን ማታ እንደ ልማዳችን በዚህ ግቢ ቆመን ወደ ምዕራብ ተመለከትን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ምንም አላየንም። ከዒሻ በኋላ አንድ አባት መጥተው ከጦሳ ላይ ሲወርዱ ሂላሉን ማየታቸውን ነገሩኝ። እኔም «አባቴ፣ ይህ ሁሉ የወጣት ዓይን ያላየውን እርስዎ እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው። አልተከራከሩኝም። ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። እኔ ረጀብን 30 ብዬ ሞላሁ።

የሻዕባን ቆጠራችን በዚህ ምክንያት አንድ ቀን ወደ ኋላ ቀረ። የረመዷን ሂላል በሚጠበቅበት ምሽት ለእኛ ገና 28 ነበርና ጨረቃ ለማየት የወጣ ሰው የለም። የረመዷን መግባት የተነገረው ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ነው። ስልክ ያለው ሰማ፤ በጊዜ የተኙ ሽማግሌዎችና በዙሪያችን ያሉ ገበሬዎች ግን የሰሙት ጧት ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ደግሞ የፈርድ ጾም ኒያ ጎሕ ሳይቀድ መነየት አለበት። እነዚያ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ዋሉ፤ ቀዷውም ዕዳ ሆኖባቸው ቀረ። ዕዳውን ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ።

ከዚያ ረመዷን በኋላ አንድ ደብተር ገዛሁ። ከውዱእ ማድረጊያው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ እየቆምኩ፣ ቦታ ሳልለውጥ፣ ጨረቃ የወጣችበትንና የጠለቀችበትን ሰዓት፣ መልኳንም መጻፍ ጀመርኩ። ደመና ሲሆን «ደመና» ብዬ እጽፋለሁ። መጀመሪያ የተማርኩት ነገር ጨረቃ በየቀኑ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች መምጣቷን ነው፤ አንዳንዴ ያንሳል፣ አንዳንዴ ይበልጣል። በሰባተኛው ቀን አካባቢ ግማሽ ሆና በመግሪብ ከአናታችን በላይ ትገኛለች፤ የምትጠልቀው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ስትሞላ የመግሪብ አዛን በሚባልበት ሰዓት በአዝዋ ገደል በኩል ብቅ ትላለች። ከዚያ እየጎደለች፣ እየዘገየች ትሄድና በወሩ መጨረሻ ከሱብሒ በፊት በምሥራቅ እንደ ክር ቀጥና ትታያለች። ቀጥሎ ትጠፋለች። ከአንዱ የጨረቃ ልደት እስከ ሌላው በአማካይ 29 ቀን ከ12 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ነው፤ ወሩ አንዴ 29፣ አንዴ 30 የሚሆነው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ደሴ ጦሳን ወደ ምዕራብ አድርጋ የተቀመጠች ከተማ ናት። እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና ጭብጣችሁን ከአድማሱ በላይ አድርጉ፤ አንድ ጭብጥ ወደ 10 ዲግሪ ይሆናል። ከእኛ ግቢ ሲለካ ተራራው አንድ ጭብጥ ያህል ከፍ ይላል። ሰማይ አንድ ዲግሪ የሚዞረው በ4 ደቂቃ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ጨረቃ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ ተራራው 40 ደቂቃ ያህል ይወስድብናል። የ20 ሰዓት ዕድሜ ያላት ጨረቃ ከፀሐይ የምትርቀው ወደ 10 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ፀሐይ በእውነተኛው አድማስ ስትገባ፣ ሂላሉ ከጦሳ ጀርባ ገብቷል! ከዚያ በፊት ደግሞ ሰማዩ ገና ብርሃን ነውና ዓይን አይለየውም። እኛ በዚህ ግቢ ቆመን ለዓመታት «የመጀመሪያዋ» ስንላት የኖርነው ብዙ ጊዜ የሁለተኛዋን ማታ ጨረቃ ነበር። ያ አባት የቆሙት ከተራራው ላይ ነበር፤ እኔ ከተራራው ሥር። እሳቸው በእርግጥ አይተው ይሁን አይሁን አላህ ያውቃል፤ ምስክርነታቸውን የመለስኩበት ምክንያት ግን ምክንያት አልነበረም።

ወጣቶች «ስልካችን ላይ የጨረቃ መጥለቂያ ሰዓት አለ» ትሉኛላችሁ። ጥሩ ነው፤ የጨረቃዋን ዕድሜ ከዚያ ላይ እኔም አያለሁ። ነገር ግን የሚሰጣችሁ ሰዓት ሜዳ ላይ ለቆመ ሰው የተሰላ ነው፤ ጦሳን አያውቀውም።

እንዲህ ስል የመጣውን ምስክር ሁሉ እንቀበል ማለቴ አይደለም። በዚያው ዕለት ጧት ከፀሐይ በፊት በምሥራቅ የታየች ጨረቃ፣ ማታውን በምዕራብ አትታይም። ፈረንሳዊው የከዋክብት ሊቅ ዳንዦን እንዳስተዋለው ጨረቃ ከፀሐይ ወደ 7 ዲግሪ ካልራቀች ቅስቷ አይታይም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጧት ፀሐይ ላሊበላ ላይ እንደ ቀለበት ሆና ስትጋረድ ታስታውሳላችሁ። ያ ግርዶሽ ጨረቃ በእኛና በፀሐይ መካከል የገባችበት ሰዓት ነው። በዚያን ዕለት መግሪብ የጨረቃዋ ዕድሜ 9 ሰዓት ያህል ብቻ ነበርና «አየሁ» የሚል ቢመጣ ሌላ ነገር አይቷል እንለው ነበር።

ሌላም ልማድ አለ። ጨረቃ ወፈር ብላ ስትታይ «ቀን በልተናል፤ ይቺ የሁለት ቀን ናት» ይባላል። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው እንዲህ ያለው ክርክር ኢብኑ ዐባስ ዘንድ ቀርቦ ነበር፤ መልሳቸውም ጨረቃዋ የታየችበት ሌሊት ናት የሚል ነው። በውፍረቷ ሰውን መውቀስ ይቅር።

ኮሚቴውን የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ እሱም ተፈቅዷል። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ፣ በረመዷን ብቻ ሳይሆን በየወሩ 29ኛው ቀን፣ አራት ሰዎች ከዐስር ሶላት በኋላ ጦሳ ላይ ይወጣሉ። ፀሐይ ከገባችበት ቦታ ግራና ቀኝ እስከ አንድ ጭብጥ ድረስ ይመለከታሉ። ሁለቱ ከደረሶቻችን፣ ሁለቱ ከጀመዓው ይሁኑ፤ ከመካከላቸው አንዱ እንኳ በዕድሜ የገፋ ቢሆን ደስ ይለኛል። ደብተሩ ከሙአዚኑ ክፍል ይቀመጣል፤ ማንም ገልጦ ሊያነበው ይችላል።

እኚያን አባት ቤታቸው ድረስ ሄጄ ዐውፍታ ጠይቄያቸዋለሁ። አሁን ተራራ መውጣት አይችሉም። የቆሙበትን ቦታ ግን ለልጅ ልጃቸው በምልክት ነግረውታል፤ በመጀመሪያው ማታ መንገዱን የሚመራን እሱ ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።