ዱላውን ተቀበሉ፤ ምላሱንስ?
(በፋኩልቲዎች የእግር ኳስ ውድድር ዋዜማ በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የማኅበሩ ጸሐፊ ስለ እግር ኳስ ጥቂት ቃል እንዳሰማ በጠየቀኝ ጊዜ መጀመሪያ እምቢ ብዬው ነበር። ምክንያቱም እኔ ኳስ መትቼ አላውቅም፤ ኳስ ግን መትቶኛል። ይሁን እንጂ ነገ የሚከፈተው ውድድር አምና በምን ዓይነት ስድብ እንደ ተፈጸመ ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ምክር ልሰጣችሁ ሳይሆን፣ እኔ ራሴ ያፈርሁበትን አንድ ቀን ላጫውታችሁ ቆሜአለሁ።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ ውስጥ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ ከጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ካለው መንደራችን ሊጠይቁኝ መጡ። አዲስ አበባን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እሑድ ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስን ካሳለምኋቸው በኋላ፣ የከተማውን ትልቅ ነገር ላሳይዎ ብዬ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወደ ስታዲዩም ይዣቸው ወረድሁ።

«የሚጋጠሙት እነማን ናቸው?» አሉኝ።

«ጊዮርጊስና ቡና ናቸው፣ አባዬ።»

አባቴ መንገዱ መካከል ቆሙ። «ጊዮርጊስ በየወሩ በ23 የምዘክረው ታቦት ነው። ቡናም ዛሬ ጠዋት ሦስት ስኒ ጠጥቼ ነው የወጣሁት። ታዲያ የትኛውን ልጥላ?» አሉ።

እኔም እየሣቅሁ አስረዳኋቸው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ. ም.፣ የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረበት ዓመት፣ በአራዳ ልጆች በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ የተመሠረተ አንጋፋ ክለብ መሆኑን፤ ቡናም በ1968 ዓ. ም. ተቋቁሞ፣ ቀድሞ ቡና ገበያ እየተባለ ብዙ ሕዝብ ያፈራ፣ በ2003 ዓ. ም. የሊጉን ዋንጫ የወሰደ መሆኑን ነገርኋቸው። አንደኛውን ፈረሰኞቹ፣ ሁለተኛውን ቡናማዎቹ እንላቸዋለን አልሁ። አባቴ በጥሞና ከሰሙ በኋላ፣ «ሁለቱም ደኅና ናቸዋ!» አሉ።

ከበሩ ስንደርስ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ነበር። ለ10 ሰዓት ጨዋታ ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው አለ። ፈታሹ ፖሊስ የአባቴን ዱላ አየና፣ «አባባ፣ ይህን ይዘው መግባት አይቻልም፤ ሲወጡ ይወስዱታል» አላቸው። አባቴ ዱላቸውን ከእጃቸው ለይተው አያውቁም፤ ነገር ግን ሕግ ከሆነ ብለው ሰጡ።

በውስጥ የመቀመጫዎቹን ስም ቆጠርሁላቸው፤ ጥላ ፎቅ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ካታንጋ። ካታንጋ ስል ቀና አሉ። በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ሥር ወደ ኮንጎ ሲዘምቱ ከመንደራችን የሄደ ሰው ነበርና ስሙን ያውቁታል። «የጦር ሜዳ ስም ለመቀመጫ የሰጣችሁት ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያን ቀን ከየትኛው ወገን እንደ ተቀመጥን አልናገርም። ብናገር ከመካከላችሁ እኩሌቶቹ የቀረውን አይሰሙኝም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ይህ ብቻ ነው፤ ከሁለቱም በኩል ዘፈኑና ጭፈራው ልብ የሚያሞቅ ነበር፤ ከሁለቱም በኩል ደግሞ ጨዋታው እየጋለ ሲሄድ ስድቡ ገባ። አንድ የተቃራኒ ቡድን ተከላካይ የእኛን ሰው ጠልፎ ሲጥል፣ ከኋላችን አንድ ድምፅ የተከላካዩን እናት የሚያነሣ ዜማ አወጣ። ሺሁ ሰው ተቀበለ። እኔም ሁለት እጆቼን አንሥቼ ተቀበልሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ስደርስ አባቴ አጠገቤ መሆናቸው ትዝ አለኝ። ዘወር ብዬ ባያቸው ሜዳውን አያዩም ነበር፤ የሚያዩት እኔን ነበር።

እስከ ዕረፍት ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። በዕረፍቱ ቆሎ ገዛሁላቸው፤ ተቀብለው በእጃቸው ያዙት እንጂ አልቃሙትም።

«ያ ልጅ ምን አደረገህ?» አሉኝ።

«ምንም አላደረገኝም።»

«ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እናቱንስ?»

ዝም አልሁ። አባቴ ግን አልተቆጡም። እንዲህ አሉኝ፤ «እኛም ገና ስንጫወት እንሰዳደባለን፤ ታውቃለህ። የላይ መንደርና የታች መንደር ሆነን ሩሯን ስንለጋ ስንውል፣ የተሸነፈው ሰው ንፉግነቱም፣ የበሬው ክሳትም፣ ራሰ በራነቱም በግጥም ይነገርበታል። ጌታም ቢሆን ያን ቀን አይቆጣም። ነገር ግን እኔ የምሰድበው ሰው ነገ ለወንፈል የሚመጣልኝ ሰው ነው፤ ስለዚህ የት ላይ መቆም እንዳለበት አፌ ያውቃል። እናንተ ግን አትተዋወቁም። ፖሊሱ ዱላዬን በር ላይ ተቀበለኝ፤ የእናንተን ምላስ ግን የተቀበለ የለም።»

ከዕረፍት በኋላ ጨዋታውን ሳይሆን ራሴን ስመለከት ዋልሁ። የእኛ ቡድን ጎል ሲያገባ ከፊቴ የነበረ፣ ስሙን የማላውቀው ሰው አቅፎ ሳመኝ፤ እኔም ሳምሁት። ያን ጊዜ አንድ ነገር አሰብሁ። የሳምሁትን ሰው አላውቀውም፤ የሰደብሁትንም አላውቀውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የለበሱት የማልያ ቀለም ብቻ ነው። አባቴ ግን ማንም ደኅና አድርጎ ኳስ ባቀበለ ቁጥር ያጨበጭቡ ነበር። አንዱ ግራ ገብቶት፣ «አባባ፣ የማን ደጋፊ ነዎት?» ቢላቸው፣ «ደኅና የሠራውን ነው» አሉት። ሰውየው ሣቀ፤ ከዚያም የተቀመጠበትን ካርቶን ከፍሎ ሰጣቸው።

ውጤቱንም አልናገርም። ስንወጣ አባቴ ዱላቸውን ከተከመረው ጃንጥላ መካከል ለይተው አነሡ። ለገሃር እስክንደርስ ዝም ብለን ሄድን። ከዚያም፣ «በል እንግዲህ፣ ለእናትህ ምን ብዬ ልንገራት?» አሉኝ።

«ኳስ ማየታችንን ይንገሯት» አልሁ።

«እርሱንማ እነግራታለሁ» አሉ። የቀረውን ይንገሯት አይንገሯት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ እናቴም አልጠየቀችኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ከ2013 ዓ. ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲደረጉ ስለ ቆዩ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ይህን ግጥሚያ የምታውቁት በቴሌቪዥን ነው። ይህ ማለት ግን ከዚያ የተማርነውን ክፉ ነገር አላመጣነውም ማለት አይደለም። አምና በዚህ ሜዳ የሰማሁት ዜማ ያው ነው።

ፉክክር ይቅር የሚል ካለ እኔ አልስማማም። ተፎካካሪ ባይኖር ጊዮርጊስም ጊዮርጊስ፣ ቡናም ቡና ባልሆኑ ነበር። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. በዚያው ስታዲዩም ብሔራዊ ቡድናችን የተባበረችውን ዐረብ ሪፑብሊክ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ሲወስድ፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁና ከሌላ ክለብ የመጡት የቫሳሎ ወንድማማቾች፣ ሉቻኖና ኢታሎ፣ በአንድ ማልያ ነበሩ። በክለብ ግጥሚያ የሚፋለሙ ሰዎች ለዚያ ቀን ተርፈው የተገኙት ፉክክራቸው ከሜዳው ስላላለፈ ነው። እኛም ነገ የምንገጥማቸው ከነገ ወዲያ በአንድ ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ የምግብ አዳራሽ የምናገኛቸው ናቸው። ወንፈላችን እዚሁ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ነገ ጩኹ፣ ዝፈኑ፣ በግጥም ተወራረፉ። ነገር ግን አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከገጠር መጥተው አጠገባችሁ እንደ ተቀመጡ አድርጋችሁ ቁጠሩ። እነርሱ ፊት የማይወጣ ቃል ከሆነ፣ በሩ ላይ ለፖሊሱ እንደሚሰጥ ዱላ ትታችሁት ግቡ።