የጎደለው 148 ዶላር እና የፖስታ ሂሳባችን
(የእጅ ሥራ ሽያጭ ቡድናችን በወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያቀረበው ንግግር)



ዛሬ የቆምነው ስለ ካርቶን፣ ስለ ሚዛንና ስለ ፖስታ ዋጋ ልንናገር ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጥር ላይ እዚሁ አዳራሽ የሆነውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የ2024ን የፈረንጆች ገና ሽያጭ ሂሳብ ስንዘጋ 148 ዶላር ገደማ ጎደለ። አፍ አውጥታ የተናገረች አልነበረችም፤ ዓይናችን ግን ወደ ገንዘብ ያዣችን ሄደ፣ እሷም ገባት። ከዚያ በኋላ ሁለት ስብሰባ ቀረች። ሙዳይ የሚሰፉልን እናታችንም «ልጆቼ፣ የእኔ ድርሻ ለምን አነሰ?» ብለው ሲጠይቁን የምንመልሰው አጣን።

ደረሰኙን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቆጠርን። በዚያ ሰሞን 37 ጥቅል ልከናል። ከእያንዳንዱ ገዢ ለመላኪያ 5 ዶላር ተቀብለናል፤ ድምሩ 185 ዶላር ነው። ለፖስታ ቤት የከፈልነው ግን 291 ዶላር ከ60 ሳንቲም ሆኖ ተገኘ። 106 ዶላር ከ60 ሳንቲም ከኪሳችን ወጥቷል ማለት ነው። ካርቶን፣ ፕላስተርና ባለ አረፋ ፕላስቲክ 24 ዶላር ገደማ ወስዷል፤ ይህንን ማንም መዝገብ ላይ አላሰፈረውም። የቀረውን የወሰደው ኢትሲ ላይ የሚቆረጠው ክፍያ ነው። የዕቃው ዋጋ ላይ የሚቆረጠውን አስበንበት ነበር። ከመላኪያው ላይም 6.5 በመቶ እንደሚቆረጥ፣ በዚያ ላይ ለክፍያ ማስተላለፊያ 3 በመቶ እንደሚጨመር ግን አላስተዋልንም። ከ185 ዶላር ላይ ይህ ብቻውን 17 ዶላር ተኩል ይሆናል።

ገንዘብ ያዣችን አንድ ሳንቲም አልነካችም። ቤቷ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል፤ ዛሬም በሁላችሁ ፊት እንደግመዋለን። ጥፋቱ የኛ የሻጮቹ ነው፤ «5 ዶላር ይበቃል» ብለን የገመትነው እኛ ነን። ግምቱ የመጣው ከአንድ ጥንድ ጉትቻ ነበር። አንዷ እህታችን አንድ ጊዜ ጉትቻ ልካ ከ5 ዶላር በታች ስለከፈለች፣ ነጠላውንም፣ የቡና ሲኒውንም፣ ኪሮሹንም በዚያው ለካን።

አሁን እንዴት እንደምንሠራ እንንገራችሁ።

የመጀመሪያው ነገር ዕቃውን ብቻ አለመመዘን ነው። የሚመዘነው ተጠቅልሎ፣ ካርቶን ገብቶ፣ ፕላስተር ተለጥፎበት፣ ለመላክ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። አንድ ነጠላችን ብቻውን 11 ኦንስ ነበር፤ ታሽጎ ሲመዘን 15 ኦንስ ሆነ። ይህ ልዩነት ለምን ያሳስበናል? አብዛኛውን ዕቃ የምንልክበት ግራውንድ አድቫንቴጅ ከአንድ ፓውንድ በታች በደረጃ ስለሚያስከፍል ነው፤ እስከ 4 ኦንስ፣ እስከ 8፣ እስከ 12፣ ከዚያም 16 ሳይሞላ። አንድ ፓውንድ ካለፈ ደግሞ ወደ ላይ ወደሚቀጥለው ሙሉ ፓውንድ ይጠጋጋል። 16 ኦንስ አንድ ፓውንድ ነውና፣ 17 ኦንስ የሆነ ጥቅል እንደ ሁለት ፓውንድ ይከፈልበታል። ለኛ እዚህ ጋ ነበር ቀዳዳው። የሲኒ ጥቅሎቻችን አብዛኞቹ አንድ ፓውንድን በትንሹ ያለፉ ነበሩ። ከወፍራም ካርቶን ወደ ቀጠን ያለ ስንቀይር ጥቂቶቹ ከመስመሩ በታች ወረዱ። ሲኒውን ግን በስስ ጠቅልሎ ኦንስ ማዳን አይመከርም፤ ሁለት ተሰብሮብን አይተነዋል።

ሚዛኑ የወጥ ቤት ሚዛን ቢሆን ይበቃል፣ ግራም የሚያሳይ ከሆነ። አንድ ኦንስ 28.35 ግራም ነው። ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ኒክል የሚባለውን ባለ 5 ሳንቲም ተጠቀሙ። አንዱ ልክ 5 ግራም ስለሆነ፣ 20 ኒክል ስትደረድሩበት 100 ግራም ማሳየት አለበት። የኛ አሮጌ ሚዛን 91 አሳየን! ለካ ወሩን ሙሉ ሲዋሸን ነበር። ገዢዎቻችን ላይ ችግር የፈጠረውም ይኸው ነው። ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ ካለ ፖስታ ቤቱ ወይ ከላኪው ሂሳብ ይቆርጣል፣ ወይ ተቀባዩን ያስከፍላል። ዳላስ ያለች አንዲት ገዢያችን ለስጦታ ባዘዘችው ጉትቻ ላይ ክፈይ ተብላ ደብዳቤ ጻፈችልን። ደብዳቤውን እዚህ አናነበውም፣ ያሳፍራል።

ያ ጉትቻ እንዲያውም ክብደቱ ትንሽ ነው። ጥፋቱ ሌላ ነው፤ ተራ ፖስታ ውስጥ ከትተን ቴምብር ለጥፈን ነበር የላክነው። ደብዳቤ የሚባለው ውፍረቱ ከሩብ ኢንች የማያልፍ ነው። ጉትቻ በትንሽ ሣጥን ከገባ ያልፋል፤ ስለዚህ እንደ ጥቅል ይቆጠራል። ቴምብር ለጥፎ ወደ ሣጥኑ መጣል ቀላል እንደሆነ እናውቃለን፣ ግን ለጉትቻ አይሆንም።

ሁለተኛው ርቀት ነው። አገሩ በዞን የተከፈለ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያ መላክና ወደ ሲያትል ወይም ሎስ አንጀለስ መላክ አንድ ዋጋ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ከኛ ዞን 8 ናቸው። የሐበሻ ልብስና ዕቃ የሚገዛን ደግሞ በብዛት ወገናችን ባለበት ከተማ ነው፤ ሲያትል፣ ዳላስ፣ ሚኒያፖሊስ፣ አትላንታ። አማካይ ስታወጡ ጎረቤት ከተማን ሳይሆን እነዚህን አስቡ። ከጉትቻ በስተቀር አሁን ዋጋውን ራሳችን አንገምትም፤ ክብደቱን፣ የካርቶኑን ልክና የኛን ዚፕ ኮድ እናስገባለን፤ ገዢዋ የራሷን ዚፕ ኮድ ስታስገባ ስሌቱ ይወጣል። በዚያ ላይ ለካርቶንና ለፕላስተር አንድ ዶላር እንጨምራለን። «መላኪያ ነጻ» የሚለውን ግን አንወደውም። ነጻ የሚባል መላኪያ የለም፤ ወይ ዕቃው ላይ ይጨመራል፣ ወይ እናታችን ከሰፉት ሙዳይ ላይ ይቀነሳል።

ስለ ልክ ካነሳን የሌማቱን ነገር ሳንናገር አንሄድም። ክዳን ያለው አንድ ሌማት አትላንታ ተልኮ ነበር፤ ከነካርቶኑ ሦስት ፓውንድ አይሞላም። ካርቶኑ ግን 18 በ18 በ8 ኢንች ነበር። ሲባዛ 2,592 ኪዩቢክ ኢንች ይመጣል። ከ1,728 ኪዩቢክ ኢንች ካለፈ ፖስታ ቤቱ በመጠኑም ያሰላል፤ በዚያን ጊዜ የሚካፈለው ለ166 ነበርና 15.6 ወጣ። ወደ 16 ፓውንድ ተጠጋጋ። ሦስት ፓውንድ የማይሞላ ሌማት እንደ 16 ፓውንድ ድንጋይ ተከፈለበት! ከዚያ ወዲህ ትልቅ ስፌት እዚሁ አካባቢ እንጂ በፖስታ አንሸጥም። ትንንሾቹ ሙዳዮች ግን ሁለቱ በአንድ ካርቶን ይገባሉ፤ ገዢዋ ሁለት መላኪያ ከፍላ ከሆነ ትርፉን እንመልስላታለን። ሦስቱ በዚህ ምክንያት ደግመው ገዝተውናል።

የቀሩትን ባጭሩ። ፖስታ ቤት በነጻ የሚሰጠው የፕራዮሪቲ ሜይል ካርቶን ለፕራዮሪቲ ብቻ ነው፤ ገልብጦ ለሌላ መጠቀም ያስከፍላል። ሌብሉን በኢንተርኔት መግዛት ከመስኮቱ ላይ ከመግዛት ይረክሳል። ግራውንድ አድቫንቴጅ እስከ 100 ዶላር ዋስትና አለው፤ ደረሰኙን ግን አትጣሉ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለወጥ ዛሬ ቁጥሩን አንሰጣችሁም፤ በላካችሁ ቀን እዩት።

ከየካቲት ወዲህ 22 ጥቅል ልከናል። ከገዢዎች የተቀበልነውና ያወጣነው ልዩነቱ 3 ዶላር ከ15 ሳንቲም ነው፣ ለኛ የተረፈ። የእናታችን ድርሻ ተስተካክሎ ተከፍሏቸዋል፤ የገናውም ጉድለት ከቡድናችን ድርሻ ላይ ተቀንሶ ተሞልቷል። ገንዘብ ያዣችን ዛሬ እዚህ አለች፤ መዝገቡ እጇ ላይ ነው፣ ማየት የምትፈልጉ እዩት።

አዲሱ ሚዛን ከቡና ዕቃው አጠገብ ተቀምጧል፣ ኒክሎቹም ብርጭቆ ውስጥ አሉ። ለመሸጥ ያሰባችሁት ዕቃ ካለ ከቡናው በኋላ አሽጋችሁ አምጡና አብረን እንመዝነው።