አፈ ዳክዬው ባዕድ

ዛሬ እዚሁ አሽዶድ አንዲት እናት ያጫወተችኝን ላንሳ። ልጇ የዳይኖሰር መጽሐፍ ይዞ መጥቶ “አንብቢልኝ” ሲላት፣ ዕብራይስጡ ስለከበዳት “ነገ አስተማሪህ ታንብብልህ” አለችው። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አያሳያትም።

እኔ ግን ሥዕሉን እያያችሁ በአማርኛ ንገሩት እላለሁ። አፉ እንደ ዳክዬ የሆነው ሃድሮሳውር ሥጋ አይበላም ነበር። በምንቃሩ ቅጠል ይቀነጥባል፣ ከኋላ በተደረደሩ በመቶ በሚቆጠሩ ጥርሶቹ እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። በ1978 አሜሪካ፣ ሞንታና ውስጥ ጎጆው ከነጫጩቶቹ አፅም ተገኘ። የጫጩቶቹ እግር ገና ያልጠና፣ ጥርሳቸው ግን በመብላት ያለቀ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ወላጆቹ ምግብ እያመጡ ይመግቧቸው ነበር ይላሉ።

ከሁሉ የገረመኝ የሞሮኮው ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል ነው። አፍሪካ ያን ጊዜ ዙሪያዋን በባሕር የተከበበች ስለነበረች፣ ዘሩ ዋኝቶ ወይም በግንድ ተንሳፍፎ ሳይሻገር አልቀረም። በ2020 “አጅናቢያ” ተባለ፤ ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ባዕድ ማለት ነው።

ይህን ስነግራት ያቺ እናት “እንደኛው ነዋ!” ብላ ሳቀች። ማታውኑ ለልጇ አወራችለት። አሁን “ማዕበሉ እንዴት አላሰጠመውም?” እያለ አላስተኛ ብሏታል።