ሄሊኮፕተር ለመማር፦ የደጋው አየር ምን ይላል?

(የመግቢያ ሙዚቃ ተሰምቶ ቀስ እያለ ይጠፋል)

አቅራቢ፦ በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ ሄሊኮፕተር የማብረር ሕልም ያላችሁ ወጣቶች፣ መለማመጃ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት የአየሩን ነገር ጠይቁ።

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ተሽከርካሪው ክንፍም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል።

ባለ ሁለት መቀመጫው ሮቢንሰን አር 22 በዓለም ዙሪያ ለትምህርት የታወቀ ነው። ክንፉ ቀላል ስለሆነ ግን ሞተሩ ቢጠፋ ሽክርክሪቱ ቶሎ ይደክማል። ባለ አራት መቀመጫው አር 44 ጥቂት ፋታ ይሰጣል፤ ወጪው ግን ከፍ ይላል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ የራሳችሁንና የመምህራችሁን ክብደት ከነዳጁ ጋር ደምሩ፤ ከዚያም በአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ ከከፍታውና ከሙቀቱ ጋር አመሳክሩ። ሰላም ውጡ፣ ሰላም ግቡ።

(ሙዚቃ)