ክብ ቴአትር በጭነት መኪና

ገበያ መሃል አንድ ሰው መሰንቆውን ቢያነሳ፣ መንገደኛው ማንም ሳያዘው ይከብበዋል። ክብ ቴአትር ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም። ጣጣው የሚመጣው ያንን ክብ ከነጣሪያውና ከነመቀመጫው ነቅሎ ነገ ሌላ ከተማ ለመትከል ሲታሰብ ነው። የጭነት መኪና አራት ማዕዘን ነዋ!

ሰርከስ ክቡን ያገኘው በፈረስ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ፊሊፕ አስትሊ እ.ኤ.አ. በ1768 ለንደን ውስጥ በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ ቆሞ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። ፈረሱ ክብ ሲዞር ጋላቢው ወደ ውስጥ ጋደል ብሎ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ የሰርከስ ሜዳ እስከ ዛሬ 13 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ለዚህ ነው። በ1825 ደግሞ አሜሪካዊው ጆሹዋ ፐርዲ ብራውን ሰርከሱን በሸራ ድንኳን ውስጥ አደረገውና ክቡ ከከተማ ከተማ መዞር ቻለ።

ተውኔት ግን ፈረስ አይደለም፤ የሹክሹክታ ጥበብ ነው። 13 ሜትር ለሹክሹክታ ይበዛል።

ስለዚህ ነዳፊው መጀመሪያ የሚያነሳው ሜትር ነው። በሻካራ ስሌት፣ መድረኩ የ5 ሜትር ክብ ይሁን፤ ለአንድ ተመልካች ግማሽ ሜትር ወርድ፣ ለአንድ ረድፍ 80 ሳንቲ ሜትር ይሰጥ። አንድ ረድፍ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር 10 ያህል መቀመጫ ይጨመራል። አራት መተላለፊያ ተቀንሶ እንኳ አራት ረድፍ ብቻ ከ170 ሰው በላይ ይይዛል፤ የመጨረሻው ተመልካች ከመድረኩ ጠርዝ 3 ሜትር አይርቅም። ያንኑ ሕዝብ ፊት ለፊት ብቻ ማስቀመጥ ቢያስፈልግ ረድፉ ስንት እንደሚሆን ማሰብ ነው።

ይህን ስሌት ወደ ሥራ ከለወጡት መካከል ፔይንስ ፕላው የተባለው የእንግሊዝ የቴአትር ቡድን ይጠቀሳል። ቡድኑ አዳዲስ ተውኔቶችን እየያዘ አገሩን የሚዞር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በሼፊልድ ከተማ የሙከራ ክብ ቴአትር ሠርቶ አየ፤ በ2014 ደግሞ «ራውንድአባውት» ብሎ የሰየመውን ባለ 168 መቀመጫ ክብ ቴአትር ተከለ። ነዳፊዎቹ ሉሲ ኦዝቦርን፣ ኤማ ቻፕማንና ሃዋርድ ኢተን የመድረክና የመብራት ሰዎች ናቸው። ጠፍጣፋ ሆኖ መኪና ላይ የሚጫነውን ይህን ነገር «ዘ ስቴጅ» የተባለው የቴአትር ጋዜጣ የዓመቱ ምርጥ የቴአትር ሕንፃ ብሎ ሸለመው። ሕንፃ መባሉ ያስፈግጋል፤ ግን ሲያንሰው ነው።

ታዲያ ክቡ እንዴት ጠፍጣፋ ይሆናል? የእንዲህ ያለ ሥራ ብልሃት ክቡን ክብ አለማድረግ ነው። ለምሳሌ አሥራ ሁለት እኩል ሽብልቅ ቢገጣጠሙ ዓይን ክብ ነው ብሎ ይቀበላል፤ እያንዳንዱ ሽብልቅ ግን ቀጥ ያለ ሰሌዳ ስለሆነ ይደራረባል። ደግሞም ሁሉም አንድ ዓይነት በመሆናቸው አንዱ ቢሰበር ምትኩ ለየትኛውም ቦታ ይሆናል። ጣሪያው ጉልላት ከሆነ እግሩን ወደ ውጭ መግፋቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ግርጌው ላይ እንደ በርሜል ቀለበት ዙሪያውን የሚያስር ብረት ያስፈልጋል። የሰርግ ድንኳን ይህን ጭንቀት በካስማና በገመድ ይገላገላል፤ የትምህርት ቤት አዳራሽ ወለል ላይ ግን ካስማ የሚመታ የለም።

ብርሃኑም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለአንዱ ተመልካች የተዋናዩን ፊት የሚያበራ መብራት ከማዶ የተቀመጠውን ዓይን ይወጋል። መፍትሔው ከላይ፣ ቀጥ ብሎ ሊወርድ በቀረው ማዕዘን ማብራት ነው። ድሮ ለዚህ የሚሰቀለው ግዙፍ መብራት ይከብድ ነበር፤ ያግልም ነበር። ራውንድአባውት ጣሪያው ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ ኤልኢዲ መብራቶችን ይዟል፤ እነዚህ ሙቀታቸውም የኤሌክትሪክ ፍጆታቸውም ትንሽ ነው። ድምፅ በበኩሉ ከክብ ግድግዳ ሲመለስ መሃል ላይ ስለሚከማች መጋረጃ ወይም ሌላ ድምፅ የሚመጥ ነገር ይፈልጋል።

የዚህ ቅርጽ ትልቁ ስጦታ ግን በሌለው ነገር ውስጥ ነው፦ የኋላ ግድግዳ የለውም። ግድግዳ ከሌለ በሥዕል የተሠራ ቤተ መንግሥት አይቆምም፤ የማይቆም ነገር ደግሞ አይጫንም። በራውንድአባውት የታየው የደንከን ማክሚላን ተውኔት «ላንግስ» ሁለት ተዋንያን ብቻ አሉት፤ ደራሲው የቤት ዕቃም፣ የእጅ ቁሳቁስም፣ የልብስ ለውጥም ከልክሏል። ዓመታት የሚያልፉት በንግግር ብቻ ነው። የዚያው ደራሲ «ኤቭሪ ብሪሊየንት ቲንግ» ከዚህ ይዘላል፤ ተዋናዩ ተመልካቹን እያስነሳ አባቱንና የእንስሳት ሐኪሙን ያስመስለዋል፣ ወረቀት ያስነብበዋል። የተጠራው ሰው የሚደበቅበት ጨለማ የለም፤ ከማዶ ያለው ሁሉ ያየዋል።

ቴአትሩ በሚፈርስበት ቀን ነዳፊው ራሱ አጠገቡ ባይኖር እንኳ ሥራው ይታያል፤ ክፍሎቹ ሁለት ሰው የሚያነሳቸው ናቸው ወይስ አይደሉም፣ ቁጥር ተጽፎባቸዋል ወይስ አልተጻፈም። መጀመሪያ ጣሪያው ይወርዳል፣ መኪናውም ውስጥ ጥግ ይይዛል። በመጨረሻ የሚነሳው ወለሉ በሩ ጋ ይጫናል፤ በሚቀጥለው ከተማ በሩ ሲከፈት ቀድሞ የሚወርደው እሱ ነው።